አሯሯጬን ስጠብቅ

ቅጹ ላይ ዐሥር ባዶ መስመሮች ነበሩ። «በጠረጴዛዎ ዙሪያ የሚቀመጡ እንግዶችዎን ስም ይሙሉ» ይላል። ሁለቱን ሞላኋቸው፤ ጋሽ መርሻና ልጃቸው ሄለን። ሦስተኛው መስመር ላይ ስደርስ እስክሪብቶዬን እንደያዝኩ ቁጭ አልኩ። ሥራ ቦታ ምሳ አብሮኝ የሚበላውን ናይጄሪያዊ ልጻፈው ብዬ አሰብኩና ሙሉ ስሙን እንደማላውቀው ትዝ አለኝ። ሦስት ዓመት አብረን በልተናል። የቀሩትን ስምንት መስመሮች እንዳሉ ተውኳቸው።

ያን ጊዜ የነበርኩትን ሰው ላስተዋውቃችሁ። ዓለሙ እባላለሁ፤ ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው። ዳላስ አጠገብ አዲሰን በምትባል ከተማ፣ ባለ አንድ መኝታ አፓርታማ ውስጥ ብቻዬን እኖራለሁ። ዲኤፍደብሊው አውሮፕላን ማረፊያ ዊልቸር እገፋለሁ፤ መራመድ ያቃታቸውን መንገደኞች ከአንዱ በር ወደ ሌላው ሳመላልስ እውላለሁ። ድሮ ሯጭ እንደነበርኩ ከሥራ ባልደረቦቼ አንድም የሚያውቅ አልነበረም። ምን ብዬ ልንገራቸው? «ድሮ እኮ እኔ» ብሎ ወሬ የሚጀምር ሰው ዳላስ ውስጥ በሽ ነው። ድሮ ኮሎኔል የነበረው፣ ድሮ ዳይሬክተር የነበረው፣ ሁሉም አሁን መጋዘን ውስጥ ካርቶን ያነሣል። እኔ ደግሞ አንድ ጨምሬ ምን ልሁን ብዬ ዝም አልኩ።

ከሠላሳ ዓመት በፊት ግን እዚሁ አካባቢ ባለ ኮሌጅ በሩጫ ስኮላርሺፕ ተምሬያለሁ። በአካባቢው ኮሌጆች ሻምፒዮና በዐሥር ሺሕ ሜትር ያስመዘገብኩት ሰዓት እስከ ዛሬ አልተሰበረም። ይህን ከእኔ ይልቅ ያስታወሱት ሌሎች ናቸው። ከዳላስ በስተሰሜን ያለች አንዲት ከተማ የራሷ የስፖርት «ሆል ኦፍ ፌም» አላት፤ የዝና አዳራሽ እንበለው። በአካባቢው ስም ያተረፉ ስፖርተኞችን በየዓመቱ አምስት አምስት እየመረጠ ግድግዳው ላይ ያወጣል። ከአምስቱ አንዱ እኔ መሆኔን የሚገልጽ ደብዳቤ ሲደርሰኝ ማስታወቂያ መስሎኝ ልጥለው ነበር።

አከባበሩ ሥርዓት አለው። ተመራጩ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ኮት ይለብሳል፤ ራሱ ግን አይለብሰውም። «አቅራቢ» የሚሉት ሰው አለ፤ ተመራጩ ራሱ የሚመርጠው ሰው ነው። አባት ሊሆን ይችላል፣ አሠልጣኝ፣ ሚስት። አቅራቢው ቀድሞ መድረክ ላይ ይወጣና ስለ ተመራጩ ይናገራል፣ ከዚያ ይጠራዋል፣ ኮቱንም ያለብሰዋል። የነሐስ ሰሌዳው ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ከዚያ በኋላ ነው። ያለ አቅራቢ የወጣ ሰው የለም።

ከደብዳቤው ጋር በመጣው ቅጽ ላይ ለአቅራቢው አንዲት መስመር ነበረች። እሷን ለመሙላት ጊዜ አልፈጀብኝም፤ «ሽፈራው» ብዬ ከስልክ ቁጥሩ ጋር ጻፍኩ። ከሽፈራው ጋር ከተነጋገርን ስድስት ዓመት ሆኖን ነበር።

ሽፈራው የኮሌጅ ጓደኛዬና አሯሯጬ ነው። አሯሯጭ ማለት፣ ለማታውቁት፣ ከፊት ሆኖ ንፋሱን እየከለለና ፍጥነቱን እየጠበቀ ሌላውን ለድል የሚያበቃ፣ ራሱ ግን ከመጨረሻው በፊት ከመሙ የሚወጣ ሯጭ ነው። በኮሌጅ ውድድር አሯሯጭ የሚባል ነገር የለም፤ እኛ በሁለታችን መካከል አደረግነው። ያን ዓመት ተጎድቼ ስለከረምኩ፣ ካላሸነፍኩ ስኮላርሺፔ እንደማይታደስ አሠልጣኙ ነግሮኝ ነበር። ሽፈራው ደግሞ ከእኔ ይፈጥን ነበር፤ ይህን የቡድኑ ሰው ሁሉ ያውቃል። በዋዜማው አልጋው ላይ ተቀምጦ ጥፍሩን እየቆረጠ «ነገ ከኋላዬ እንዳትርቅ» አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም። በማግሥቱ በዚያ በቴክሳስ ሙቀት ሃያ ሦስት ዙር ከፊቴ ሮጠ። ሁለት ዙር ሲቀር ባቱን ይዞ እያነከሰ ወጣ። እኔ አሸነፍኩ፤ ውጤቱ ላይ ከእሱ ስም አጠገብ «አቋርጧል» ተብሎ ተጻፈ።

እግሩን ምንም አልነካውም ነበር። እሱና እኔ ብቻ ነን ይህን የምናውቀው። መጀመሪያ አሠልጣኙን ፈርቼ ዝም አልኩ፤ በኋላ ደግሞ ድሉ ጣፈጠኝና ዝም አልኩ። ከስድስት ዓመት በፊት አንድ ሠርግ ላይ የድሮ ነገር ሲነሣ፣ ከተቀመጥንበት ጠረጴዛ አንዱ ቀልደኛ «ሽፈራውማ ሁለት ዙር ሲቀረው ነው የሚያቋርጠው፤ ሳያገባ የቀረውም ለዚህ ነው» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሽፈራው ዞሮ ያየው ቀልደኛውን አልነበረም፤ እኔን ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ አልደወለልኝም፤ እኔም አልደወልኩለትም። ዴንቨር ገባ ሲሉ ሰማሁ።

የዝና አዳራሹ ጸሐፊ ሚስ ዶና ትባላለች፤ ሰባ ዓመት ያለፋት፣ ያገኘችውን ሁሉ «ሃኒ» የምትል የቴክሳስ ሴት ናት። ሥነ ሥርዓቱ ወር ሲቀረው «አቅራቢህ እንደሚመጣ አረጋግጦልኛል» ብላ ኢሜይል ላከችልኝ። ያችን መስመር ስንት ጊዜ እንዳነበብኳት አላውቅም። ታዲያ ለምን አንሥተህ አልደወልክለትም ትሉኝ ይሆናል። እኔ ባደግሁበት ቤት ይቅርታ በስልክ አይጠየቅም፤ ሽማግሌ ይዘህ ሄደህ፣ ፊት ለፊት ቆመህ ነው። ሰው በተሰበሰበበት አዋርጄዋለሁና ሰው በተሰበሰበበት፣ በዚያው መድረክ ላይ፣ እውነቱን ተናግሬ ጉልበቱን ልስም ወሰንኩ። ከዚያ ሌላ የፈለግሁት ነገር አልነበረም። ኮቱም ሰሌዳውም ለዚህ ምክንያት ነበሩ።

ሳምንቱ ሲደርስ የሰዉ ጠባይ ተለወጠብኝ። ጋሽ መርሻ ሳክሲ በምትባል የዳላስ ዳርቻ ከተማ የሚኖሩ ጡረታ የወጡ ታክሲ ነጂ፣ የእድራችንም ሰብሳቢ ናቸው። ስልክ ላይ አንድ ሰዓት የማይበቃቸው ሰው ማክሰኞ ስደውልላቸው «ኦኬ፣ ኦኬ፣ ቆይ መልሼ ኮል አደርግሃለሁ» ብለው ዘጉት። የደወሉት በማግሥቱ ነው።

«ዓለሙ፣ እሁድ ኦፍ ነህ?»

«አዎ፣ ቅዳሜና እሁድን አስፈቅጃለሁ። ፕሮግራሙ ቅዳሜ አይደል?»

«ሰኞስ?»

«ሰኞ እገባለሁ። ምነው?»

«አይ፣ እንዲያው ነው። ከቻልክ ሰኞንም ኦፍ ውሰድ። ማለቴ... ይደክምሃላ።» ወሬ ቀየሩ። «የግፊት መድኃኒትህን ትወስዳለህ?»

«እወስዳለሁ፣ ጋሽ መርሻ።»

«ጎሽ። የቤትህ ትርፍ ቁልፍ ማን ጋ ነው ያለው?»

ሐሙስ ጋርላንድ ወደሚገኘው የሀበሻ ሱቅ ገባሁ። ሦስት አራት ሰዎች ቆመው ያወራሉ፤ እኔን ሲያዩ ጸጥ አሉ። አንዱ ስልኩን ማየት ጀመረ፣ ሌላው የበርበሬ ከረጢት አንሥቶ ማንበብ ያዘ። የሱቁ ባለቤት እትዬ የሺ ከባንኮኒው ወጥታ አቀፈችኝ። ሰባት ዓመት ከዚያ ሱቅ ስገዛ አቅፋኝ አታውቅም። «በርታ እሺ? በርታ» አለችኝ። ለንግግሩ ይሆናል ብዬ አመሰገንኳት።

መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ነገሩን ሳገጣጥም ብቻዬን ሳቅሁ። እዚህ አገር ሰዎች ሲያዩህ ወሬ ካቆሙ፣ የዕረፍት ቀንህን ካጣሩ፣ ቁልፍህን ከጠየቁ፣ ነገሩ ሰርፕራይዝ ነው። ሽፈራውን ደብቀው ሊያመጡልኝ ነው፤ እሁድ ጠዋት ቤቴ ተሰብስበው ሊያስታርቁን ነው ብዬ ደመደምኩ። ከእናንተ ውስጥ ከአሁኑ የገባው ሰው ይኖራል። እኔ ግን ሠላሳ ዓመት ከኖርኩበት አገር ልማድ ጋር ተስማምቼ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ያደግሁበትን ረሳሁት። ዐርብ ዕለት ቤቴን ጠረግሁ። ለእንግዶች ሰማያዊ የፕላስቲክ ብርጭቆዎች፣ ለሽፈራው ደግሞ የሚነፋ ፍራሽ ገዛሁ። ፍራሹን ነፍቼ ሳሎኑ መሐል ሳስቀምጠው ቤቱ ሰው የሚኖርበት መሰለ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ደረስኩ። አዳራሹ ድሮ ባንክ የነበረ ሰፊ ቤት ነው። ግድግዳው ላይ የቆዳ ቆብ ያደረጉ የጥንት የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋቾች፣ ፈረስ ላይ የተቀመጠች የሮዲዮ ጋላቢ፣ አንድ ሙሉ የመረብ ኳስ ቡድን፣ ሁሉም በነሐስ ተቀርጸዋል። ሚስ ዶና በሩ ላይ ተቀበለችኝ። «ሃኒ» አለችና የምትቀጥለው ጠፋት። ዐይኗ ቀልቷል። በየዓመቱ እንዲህ የምታለቅስ ከሆነ ደግ ሴት ናት ብዬ አሰብኩ። ፕሮግራሙን ሰጠችኝ፤ በስሜ ሥር «አቅራቢ፦ ሽፈራው» ይላል።

ጠረጴዛዬ ጋ ስደርስ ቆምኩ። ሁለት ሰው የጻፍኩበት ጠረጴዛ ሞልቷል። ጋሽ መርሻ፣ ሄለን፣ እትዬ የሺና ባሏ፣ የእድሩ ሰዎች። ወንዶቹ ጥቁር ሱፍ፣ ሴቶቹ ጥቁር ቀሚስ ለብሰዋል።

«ምነው ይሄ ሁሉ ሰው!» አልኩ።

«ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው» አሉ ጋሽ መርሻ። «ብቻህን ልንልክህ ነው እንዴ?»

ደስ አለኝ። ለእኔ ብሎ ሱፍ የለበሰ ሰው ከሠርጌ ወዲህ አልነበረም፤ እሱም ትዳር ከፈረሰ ቆይቷል። ከእኔ ቀጥሎ ያለችውን ወንበር በቦርሳዬ ያዝኳት። አስተናጋጁ መጥቶ ለሌላ ጠረጴዛ ሊወስዳት ሲል እጄን ጣልኩባት።

«ሰው አላት» አልኩት። «እየመጣ ነው።»

ጠረጴዛው ዙሪያ ያለው ሰው ሁሉ ሳህኑን ተመለከተ። ምሳው ደርሶ ነበር፤ ከመካከላቸው ሹካ ያነሣ አልነበረም። የፈረንጅ ምግብ አልጣማቸውም ብዬ የእኔን በላሁ።

የመጀመሪያው ተመራጭ የሰማንያ አራት ዓመት የፉትቦል አሠልጣኝ ነበሩ፤ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ሦስት ጠረጴዛ ሞልተዋል። ሦስተኛው ተራ የእኔ ነበር። ሁለተኛዋ ኮቷን ስትለብስ ተነሥቼ ሚስ ዶና ጋ ሄድኩ።

«አቅራቢዬ በረራ ዘግይቶበት ይሆናል። መጨረሻ ልታደርጉኝ ትችላላችሁ?»

ሚስ ዶና በትከሻዬ ላይ አሻግራ ወደ ጋሽ መርሻ አየች። «እንደፈለግህ፣ ሃኒ» አለች።

ወደ መኪና ማቆሚያው ወጣሁ። ጠራራ ፀሐይ ነው፤ ፒክአፖች ተደርድረዋል፣ ሰው የለም። አንድ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ወደ ዲኤፍደብሊው ሲያልፍ አየሁትና እዚያ ውስጥ ይሆን እንዴ አልኩ። በሩ ተከፈተ፤ የጋሽ መርሻ ልጅ ሄለን ናት። እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ ሃያ ስድስት ዓመቷ፣ ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ናት።

«አንክል ዓለሙ፣ አንድ ነገር ልንገርህ?»

«እንዳትነግሪኝ!» አልኳት እየሳቅሁ። «አውቄዋለሁ።»

«አወቅኸው?»

«አውቄዋለሁ እንጂ! ሳምንቱን ሙሉ ስትደብቁኝ። ግን እንዳላወቀ ሰው እሆንላችኋለሁ።»

«እና... ኦኬ ነህ?»

«ኦኬ ብቻ? እንደ ዛሬ ደስ ብሎኝም አያውቅ።»

ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። አፏን ከፈተች፤ ያን ጊዜ ጋሽ መርሻ በሩ ላይ ብቅ አሉ። «ሄለን! ግቢ!»

«ዳድ፣ ኢትስ ናት ራይት! ሊያውቅ ይገባል!»

«ነገ ነው ብያለሁ እኮ። ግቢ!»

ነገ፣ እሁድ ጠዋት። እንደገመትኩት ነው ማለት ነው። ሚስጥሩን እንዳላበላሽባቸው ብዬ ምንም አልጠየቅሁም።

በመጨረሻ የቀረሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። አስተዋዋቂው የቆየ የሬዲዮ ሰው ነው። «አሁን ደግሞ አቅራቢው...» አለና ወረቀቱን ይዞ ቆመ። ጋሽ መርሻ ተነሡ።

«እኔ ላቅርብህ» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ወረቀቱ ላይ የእሱ ስም ነው እኮ ያለው፣ ጋሽ መርሻ።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ፕሮግራሙን አውጥቼ አሳየኋቸው። አላዩትም፤ ምርኩዛቸውን ይዘው ወደ መድረኩ ሄዱ። ይህም የሰርፕራይዙ አካል ነው፣ ኮቱን ስለብስ ከጓዳ በኩል ሊወጣ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

«ዚስ ማን፣ ጉድ ማን» አሉ ጋሽ መርሻ በማይክሮፎኑ። «ሂ ሊቭ አሎን። በት ሂ ኢዝ ናት አሎን። ዊ አር ሂር።» ከዚያ በላይ አልቻሉም። ፈረንጆቹ በጣም ወደዷቸው፤ አጨበጨቡላቸው። ወጥቼ ጀርባዬን ስሰጣቸው ኮቱን አለበሱኝ። «አይዞህ ልጄ፣ አይዞህ» አሉኝ በጆሮዬ። ለኮትም አይዞህ ይባላል እንዴ ብዬ በሆዴ ሳቅሁ።

ለንግግር የተፈቀደው አራት ደቂቃ ነው፤ መድረኩ ሥር ሰዓቱ ሲያልቅ ቀይ የሚሆን መብራት አለ።

«እዚያ ሰሌዳ ላይ የተቀረጸው ሰዓት የእኔ አይደለም» ብዬ ጀመርኩ በእንግሊዝኛ። «ከፊቴ የሮጠ ሰው ነበር። ከእኔ ይበልጥ ነበር። ሁለት ዙር ሲቀር እግሩ ተኮማተረበት ተባለ፤ እግሩ ደኅና ነበር። ውድድሩን ሰጠኝ። እኔም ሠላሳ ዓመት ዝም አልኩ። ዝምታው ሳያንስ፣ ሰው ሲስቅበት አብሬ ሳቅሁ።»

መብራቱ ቀይ ሆነ። ማንም አላስቆመኝም። በስተግራ ወዳለው የወጥ ቤት በር ዞርኩና በአማርኛ ተጣራሁ።

«ሽፈራው፣ በቃ ውጣ! አውቄብሃለሁ እኮ። ሰው ፊት ይቅርታ ልልህ ነው የጠበቅሁህ። ና ወንድሜ፣ ውጣ!»

በሩ ተከፈተ። አንድ ሸምገል ያለ አስተናጋጅ የኮክ ኬክ የተደረደረበት ትሪ ይዞ ወጣ፤ ሰው ሁሉ እያየው መሆኑን ሲያውቅ ደንግጦ ቆመ። ከወዲያ ወዲህ ሳቅ ተሰማ። ከሳቁ መሐል የእትዬ የሺ ድምፅ ወጣ።

«ወይኔ ሽፈራው! ወይኔ ወንድሜ!»

ያን ድምፅ የማያውቅ ሀበሻ የለም። ጆሮዬ ወዲያው አወቀው፤ እኔ ግን እምቢ አልኩ። ማይክሮፎኑን እንደያዝኩ «ምንድን ነው? ምን ሆናችሁ ነው?» እያልኩ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው አየሁ። ጋሽ መርሻ አጠገቤ ቆመው ያለቅሳሉ። ከጠረጴዛው ሄለን ተነሣች።

«አንክል ዓለሙ» አለች። «ሽፈራው ሞቷል። አይ አም ሶሪ። ሞቷል።»

ትልልቆቹ ሳምንቱን ሙሉ ሲያድበሰብሱት የከረሙትን እሷ በሁለት ቃል ጨረሰችው። አማርኛችንን ያልሰሙት ፈረንጆች ድርሻቸውን ተወጡ፤ ሕዝቡ በደስታ ያለቀሰ መስሏቸው ከመቀመጫቸው ተነሥተው አጨበጨቡልኝ። ያን ጭብጨባ ዛሬም እሰማዋለሁ። በዕድሜዬ የተጨበጨበልኝ ትልቁ ጭብጨባ እሱ ነው፤ በጉልበቴ መሬት ላይ ስወድቅ ቀስ በቀስ ቆመ።

ሚስ ዶና ወደ ኋላ ባለች ትንሽ ክፍል አስገባችን። ምንጣፉ ላይ ተቀመጥኩ፤ ሶፋው ላይ ውጣ ቢሉኝ እምቢ አልኩ።

«መቼ ነው?» አልኩ።

«ዛሬ ዘጠነኛ ቀኑ ነው» አሉ ጋሽ መርሻ። «ልቡ ነው። ሥራ ላይ እንዳለ።»

«ቀብሩስ?»

ጋሽ መርሻ ምርኩዛቸውን ያሻሹ ጀመር።

«ጋሽ መርሻ፣ ቀብሩስ?»

«ባለፈው እሁድ ዴንቨር ተቀበረ።»

«ቀብሩን ከለከላችሁኝ?»

«ዓለሙ፣ ስማኝ። በስልክ መርዶ አይነገርም። ደግሞ ይሄ ክብርህ ደርሶ ነበር፣ በሐዘን አናበላሽበት ብለን ነው። ነገ ማልደን ቤትህ ልንመጣ... ቆጥረን፣ ተማክረን ነው ያደረግነው።»

«እናንተ ቆጠራችሁ! እኔ እዚያ ቆሜ ሬሳ እጠራለሁ!» ጮህኩ። በዕድሜዬ ትልቅ ሰው ላይ ጮኼ አላውቅም። ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ።

«አጥፍተናል» አሉኝ። «አጥፍተናል፣ ልጄ።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው ለካ ለእኔ ነበር። ሱቅ ውስጥ በርበሬ የሚገዛው ሰው ሁሉ የሰማውን እኔ አልሰማሁም። ይህ ሁሉ ሰው አንድ ሳምንት ሙሉ ስለ እኔ አስቧል፤ ያን ሳምንት ግን እኔ ከምንጊዜውም ይበልጥ ብቻዬን ነበርኩ።

ሰዉ ትንሽ ፋታ ሲሰጠኝ ሚስ ዶና መጥታ፣ በዚያ ዕድሜዋ፣ ምንጣፉ ላይ አጠገቤ ተቀመጠች። የሽፈራውን መሞት ሄለን ደውላ እንደነገረቻት፣ እንዳትነግረኝም ስለለመኗት ሌሊት እንቅልፍ እንዳጣች ነገረችኝ።

«ከእሱ ጋር በስልክ ተነጋግረን ነበር፣ ታውቃለህ?» አለች።

«ምን አለሽ?»

«አቅራቢ ትሆናለህ ወይ ስለው ብዙ ጊዜ ዝም አለ። የተቋረጠ መስሎኝ ነበር። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ። ‹መድረኩ ላይ ከእሱ ፊት ነው የምወጣው ወይስ ከኋላው?› አለኝ። ‹አንተ ትቀድማለህ፣ ከዚያ እሱ ይከተልሃል› አልኩት። ሳቀ። ‹እንግዲያውስ ሥራውን አውቀዋለሁ› አለኝ።»

ያን ጊዜ ነው በደንብ ያለቀስኩት።

ከዚያው ወደ ቤቴ ወሰዱኝ። ለቀስተኞቹ ጠርጌ ባሰናዳሁት ሳሎን ተቀመጡ፤ በእነዚያ ሰማያዊ ብርጭቆዎች ውሃ ጠጡ። የሚነፋውን ፍራሽ ሲያዩ እንዴት ለለቅሶ አስቀድሞ አዘጋጀ ብለው ግራ ገባቸው፤ አልነገርኳቸውም። ጋሽ መርሻ ሦስት ቀን እሱ ላይ አደሩ፤ ሰኞንም እንዳስፈቅድ የነገሩኝ ለዚህ ነበር።

እንግዲህ ገጠመኜ ይህ ነው። ሰሌዳው ተሰቅሏል፤ አንድ ጊዜ ሄጄ አይቼዋለሁ። ስሜና ሰዓቴ አሉበት። ከሥሩ የሽፈራውን ስም እንዲጨምሩ ጠይቄ ነበር፤ ኮሚቴው ያቋረጠ ሯጭ እንደማይጻፍ በትሕትና መለሰልኝ። ልክ ናቸው፤ እነሱ ያላቸው ወረቀት የሚለው እንደዚያ ነው። ወረቀቱ እንዲያ እንዲል ያደረግሁት እኔ ነኝ።

ይቅር ብሎኝ ይሆን? አላውቅም። ሊመጣ ነበር፤ ይህን አውቃለሁ። ወር ሙሉ ስልኩ ኪሴ ውስጥ፣ ቁጥሩ ስልኬ ውስጥ ነበር። እኔ ይቅርታ በስልክ አይሆንም አልኩ፤ እነሱ መርዶ በስልክ አይሆንም አሉ፤ ሁላችንም ወጉን ጠበቅን፣ ሰውየው ግን በመካከላችን አመለጠን። ወጋችንን ለማናናቅ አይደለም፤ ከእድሩ ሰዎች ጋር ታርቄያለሁ፣ ባይመጡ ኖሮ ከዚያ ምንጣፍ የሚያነሣኝም አልነበረም። ግን እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ፊት ለፊት ካልሆነ ብላችሁ ያቆያችሁት ነገር ካለ፣ እባካችሁ በስልክም ቢሆን ተናገሩት።

እኔ ያን አደርጋለሁ። አሁን መርዶ ሲኖር በዕለቱ ካልተነገረ ብዬ የምሟገተው፣ የሚሄድ ሲጠፋም ፊት የምሄደው እኔ ነኝ። የበደልኩት ሰው እንዳለ ሲሰማኝም እደውላለሁ። ከሥራ ስወጣ ደግሞ፣ ምንም ሳይኖር፣ አንድ አንድ ሰው ጋ መደወል ለምጃለሁ፤ የናይጄሪያዊውንም ሙሉ ስም አውቄዋለሁ። ሀበሻው ግን በእኔ ስልክ መደንገጥ ይዟል። ገና ስሜን ሲያዩ «ዓለሙ፣ ማን ሞተ?» ይሉኛል።

«ማንም አልሞተም» እላለሁ። «እንዲሁ ነው የደወልኩት።»

ከወዲያ በኩል ቴሌቪዥኑን ሲቀንሱ ይሰማኛል።

«እንዲሁ?»

«እንዲሁ።»